ዐጸዱን ዳር ዳሩን መዞር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው እትም ስለ ጎንደር ጉዟችን የጻፈው ወንድማችን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕሎች በሰፊው ስለ ነገረን እኔ ያንን አልደግመውም። የምጽፈው ሥዕሎቹን አይተን ከወጣን በኋላ ስላደረግነው ነገር ነው፤ ይኸውም በቅጽሩ ውስጥ፣ በዛፎቹ ሥር፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረን ስለ ሄድንበት አጭር መንገድ። ነገሩ ቀላል ነው። ዳገት የለውም፣ ስንቅ አይጠይቅም፣ ሕፃንም አረጋዊም ይችለዋል። ነገር ግን ከዚያ ከተመለስን ወዲህ የራሳችንን ደብር ዐጸድ በሌላ ዓይን ማየት ስለ ጀመርኩ፣ ለዛሬው ትምህርት እንዲሆን መምህራችንን አስፈቅጄ ጻፍኩት።

ከድብ ባሕር ለሚነሣ ሰው ጎንደር መሄድ ማለት አስቀድሞ ሊማሊሞን መውጣት ማለት ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት የወረራ ዘመን ገደሉን እየፈለፈለ የሠራው ያ ጥምዝምዝ መንገድ ግማሾቻችንን ሎሚ እያሸተተ አደከማቸው። ያልታመምነው ግን በመስኮት የምናየው አላጣንም። ከታች በእኛ ወገን ዋርካው፣ ወንዛውና ግራሩ ነበረ፤ ከፍ እያልን ስንሄድ ወይራና ጥድ መጣ፤ ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ ወደሚታየው ወደ ሰሜን ተራሮች የወጣ ሰው ደግሞ አስታውንና ጅብራውን ያገኛል። በአንድ ዳገት ላይ ደኑ እንደ ደረጃ ይለዋወጣል። ብዙዎቻችን ይህን መንገድ ከልጅነታችን ጀምሮ ብናውቀውም ዛፉን በስሙ ለመጥራት ስንሞክር ያፈርነው በዚያ ቀን ነው። አንዱን ዛፍ ሦስታችን ሦስት ስም ሰጠነው።

ጎንደር ደርሰን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳልመን፣ በጣራው ላይ ወደ እኛ የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች አይተን ስንወጣ ወደ መኪናው ለመሮጥ ተዘጋጅተን ነበር። በበሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አረጋዊ አባት ጠሩን።

«ልጆቼ፣ ምን ያስሮጣችኋል? እስቲ ዳር ዳሩን ዙሩ። ቅጽሩን ሳትለቁ ሂዱና ወደዚሁ ተመለሱ።»

ከመካከላችን አንዷ እኅታችን፣ «አባ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሽርሽር ነውር አይሆንብንም?» ብላ ጠየቀች።

«ዝም ብላችሁ ከሄዳችሁ ሽርሽር አይደለም። ከጮኻችሁ ግን ቤታችሁም ብትሆኑ ነውር ነው» አሏት።

እንግዲህ ዞርን። መዞር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በክብረ በዓል ታቦቱ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ እኛም ከበሮ ይዘን እየዘመርን እንከተላለን። ነገር ግን በዑደት ጊዜ ዓይናችን ወደ ታቦቱ ነው። በዚያን ዕለት ግን ጀርባችንን ለሕንፃው ሰጥተን ወደ ውጭ፣ ወደ ዛፉና ወደ ቅጽሩ ተመለከትን።

በአገራችን አብዛኛው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆኖ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ አንዱ ሌላውን ከብቦ የሚሠራ መሆኑን በትምህርታችን አይተናል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዛሬ የምናየው ሕንፃው አራት ማዕዘን በመሆኑ ከዚህ ልማድ ይለያል። ሆኖም ሕንፃው ክብም ሆነ ማዕዘን፣ በስተ ውጭ አንድ ተጨማሪ ክበብ አለ፤ እርሱም ዐጸዱ ነው። ዐጸድ በግእዝ የታጠረ ስፍራ፣ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ «ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን» ስንል ዛፉንም አጥሩንም በአንድ ቃል ጠርተናል። ያለ አጥር ዐጸድ የለም። ለመጀመሪያው ሰው ለአዳምም በገነት ሁለት ሥራ እንደ ተሰጠው እናውቃለን፤ ማልማትና መጠበቅ። እኛ የመጀመሪያውን በየክረምቱ ችግኝ ይዘን በመሰለፍ የፈጸምን ይመስለናል፤ ሁለተኛውን ግን እንረሳለን። ስለዚህ ጉዳይ ወደ ታች እመለሳለሁ፤ የምናዘዘው ነገር አለኝና።

የደብረ ብርሃንን ቅጽር ልብ ብሎ ያየ ሰው መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ይገባዋል። ደብሩን የተከሉት ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. የነገሡት አድያም ሰገድ ዐፄ ኢያሱ ናቸው። በድንጋይ ቅጽሩ ላይ ዐሥራ ሁለት ክብ ግንቦች ተሠርተዋል፤ ምሳሌነታቸው ለዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ነው። ዐሥራ ሦስተኛው የመግቢያው ግንብ በጌታችን ይመሰላል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብዛኞቹን አድባራት ሲያቃጥሉ ይህ ደብር ተረፈ። አባቶች የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ ይተርካሉ። ንብ ያለ አበባና ያለ ዛፍ አትኖርምና፣ ይህ ትውፊት የሚነገርለት ደብር በዛፍ የተከበበ መሆኑ ደስ ይለኛል። በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ የፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ደብረ ብርሃንም ከእነ ቁስቋምና ከጥምቀተ ባሕሩ ጋር አብሮ ተመዝግቧል።

ቅጽሩ የተሠራው ለዛፍ ተብሎ አይደለም፤ ለቤተ መቅደሱ ክብር ነው። ነገር ግን ላም የማይገባበት፣ ማንም አቋርጦ የማያልፍበት ስፍራ ሲገኝ ዛፉ አብሮ ይጠበቃል። በቅጽሩ ውስጥ ስንሄድ ፀሐዩ በረደልን፤ ከእግራችን በታች የረገፈው የጥድ ቅጠል እንደ ምንጣፍ ነበር። እዚያው ቆመን ጥድን ከወይራ መለየት ተማርን። ጥድ ልጡ በቀጫጭኑ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ፍሬው የአተር ያህል ሆኖ ሲበስል ወደ ሰማያዊነት ያደላ ጥቁር ይሆናል። ወይራ ቅጠሉ ከላይ ጥቁር አረንጓዴና የሚያንጸባርቅ ነው፤ ገልብጣችሁ ስታዩት ግን ወርቅማ ቡናማ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያየ አይሳሳትም። የካህናቱ መቋሚያ፣ እናቶቻችን ጋን የሚያጥኑበት ጭስ፣ ጠዋት ጥርሳችንን የምንፍቅበት እንጨት ከወይራ ነው። ጥድ ደግሞ ምስጥ ስለማይደፍረው ለጣራና ለበር ይመረጣል።

ጥድን በሚመለከት ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ወንድና ሴት ዛፍ አለው። ፍሬ የምታፈራው ሴቲቱ ብቻ ናት። በአንድ ዐጸድ ውስጥ ዐሥር ጥድ ቆሞ ቢታይ ዐሥሩም ዘር ይሰጣሉ ማለት አይደለም። ለጣራ ብለን ትልቁንና ቀጥ ያለውን መርጠን ስንቆርጥ የምንቆርጠው ብቸኛዋን እናት ሊሆን ይችላል። ኮሶም እንዲሁ ነው፤ የተንጠለጠለው ቀይ አበባ የሴቲቱ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ፍሬ ነገር ልግባ። አረጋዊው አባት ለምን «ዳር ዳሩን» አሉን? ስንመለስ ጠየቅናቸው። «መካከሉ ምንጊዜም ያማረ ነው፤ መካከሉን ያየ ሰው ሁሉ ደኑ ደህና ነው ይላል» አሉ። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ደን እንደ ነጠላ ከዳር ነው የሚተረተረው። በዳር ያለው ዛፍ ነፋሱንና ፀሐዩን ብቻውን ይቀበላል። አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ከብቱ መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ ዘንድ ነው፣ መጥረቢያ የያዘውም ሰው ወደ ውስጥ ለመግባት ስለሚፈራ ከዳር ይጀምራል። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ሁለተኛው ረድፍ ዳር ይሆናል። ማንም ኀጢአት እንደ ሠራ አይሰማውም፤ በየዓመቱ የሚጎድለው አንድ እርምጃ ነውና። በቅዳሴ ሰዓት ከመካከሉ ቆሞ የሚያስቀድሰው ሕዝብ ደግሞ ጉድለቱን አያየውም።

ይህ የአንድ አባት ግምት ብቻ አይደለም። የአገራችን የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ዐጸዶች ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ፣ የጥንቱ ደን የተረፈው በእነዚህ ትንንሽ ክበቦች ውስጥ ነው። ከጥናቶቻቸው ሁለቱ ለእኛ እጅግ ይጠቅማሉ። አንደኛው፣ የአብዛኞቹ የዐጸድ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ የማይቆይ መሆኑ ነው። የአረም ዘር ለዓመታት ተኝቶ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል፤ የእነዚህ ዛፎች ዘር ግን እንደዚያ አይደለም። እናቲቱ ዛፍ ከሞተች በኋላ «ምድሩ ራሱ ያበቅለዋል» ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሁለተኛው፣ ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታና ባልታጠረ ቦታ መካከል የታየው ልዩነት ነው። ከብት በገባበት ትንንሹ ችግኝ ይበላል፣ ይረገጣል፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ልጅ የላቸውም። እንዲህ ያለው ደን ከሩቅ ለሚያየው አረንጓዴ ነው፤ ነገር ግን መካን ነው።

ከዚህ በኋላ ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተመካክረው በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ ዐጸዶች ዙሪያ የድንጋይ ቅጽር እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከራሱ ከገበሬው እርሻ ላይ ነው። እርሻው ከድንጋይ ሲጸዳ ደኑ ደግሞ አጥር አገኘ። የደብረ ብርሃን ቅጽር በንጉሥ ትእዛዝ በኖራ የተሠራ ነው፤ ይህኛው በምእመናን እጅ ያለ ኖራ የተደረደረ ነው። ላሟ ግን ልዩነታቸውን አታውቅም።

ባሕር ዛፍን ሳላነሣ ብቀር ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል። ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት በተቸገረች ጊዜ የደረሰላት እርሱ ስለ ሆነ ዝም ብሎ መርገም ግፍ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ ወገኖቻችን በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በእግር ሲዞሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት በባሕር ዛፍ ሥር ነው። የአገር በቀሉ ጥድ የጠፋበትን ተራራ መልሶ አገር በቀል ማልበስ የብዙ ዓመት ሥራ ሆኗል። እኛ በዐጸዳችን ያለውን ወይራና ዋርካ ገና አላጠፋነውም። ስለዚህ የእኛ ሥራ ከእነርሱ ይቀላል፤ ካልሰነፍን።

እንግዲህ የምናዘዘው ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለክብረ በዓል ዳስ ስንጥል ቋሚ አነሰን። ከገበያ አጣና ለመግዛት ገንዘብ አልነበረንም። ከዐጸዱ በስተ ደቡብ ክንድ የሚያህሉ ለጋ ወይራዎች ነበሩ። «ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው» ተባባልንና ቆረጥናቸው። መጥረቢያ ከያዙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ማንም አልተቆጣንም፤ ዳሱ አማረ ተባልን፣ ጠላና ዳቦ ተሰጠን። ወይራ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚያድግ ያን ጊዜ አላሰብኩም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ በሰልፍ ችግኝ ተከልን፣ ፎቶግራፍም ተነሣን። ጥቅምት ላይ ብንሄድ አንዱም አልተገኘም። የሰው ጥጃ በላብን ብለን አጥብቀን አማረርን። ተጣርቶ ሲታይ ከገቡት ጥጆች አንዱ የእኛው ቤት ጥጃ ሆኖ ተገኘ። እናቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ከጎንደር በተመለስን በሁለተኛው ሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አምስት ሆነን ከመሪጌታ ጋር የደብራችንን ዐጸድ ዞርን። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነበረን። አካሄዳችን ቀላል ነበር፤ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ተነሥተን፣ ዳሩን ሳንለቅ፣ በየሃምሳ እርምጃው ቆመን፣ ከጉልበታችን በታች የሆነ የወይራ፣ የዋርካ ወይም የወንዛ ልጅ ፈለግን። የፈረሰውን አጥር፣ የእግር መንገድ የሆነውን፣ ከብት የሚገባበትን ጻፍን። መሪጌታ በየዛፉ ሥር ቆመው ስሙንና ጥቅሙን ይነግሩን ስለ ነበር እንዳሰብነው ቶሎ አልጨረስንም። በጸበሉ አቅጣጫ እንዶድ አገኘን። በእንዶድ እናቶቻችን ነጠላ እንደሚያጥቡ እናውቃለን፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት መሆኑን ግን ከመካከላችን የሰማ አንድ ብቻ ነበር። ዓለም ያወቀው ግኝት የተነሣው በየአጥራችን ሥር ከሚበቅል ቁጥቋጦ ነው።

በምሥራቅና በሰሜን በኩል፣ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ባለበት፣ ችግኝ አገኘን። በደቡብ በኩል፣ እኛ ወይራውን በቆረጥንበት፣ ምንም የለም። ቁጥቋጦው ስለ ተከፈተ ያ ቦታ የጥጆች መግቢያ ሆኗል። በዙሪያው ሁሉ ከጉልበት በታች ያገኘነው የወይራ ልጅ በሁለት እጅ ጣት የሚቆጠር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሳይኖራቸው አይቀርም ከምንላቸው ትልልቅ ወይራዎች ሥር አንድም አልነበረም፤ ሰው የሚቀመጠው፣ አህያ የሚታሰረው እዚያ ነውና።

ይህን የምጽፈው ለጨዋታ አይደለም። ብዙዎቻችሁ እንደ ሰማችሁት ሰበካ ጉባኤው የመሰብሰቢያ አዳራሹን ቆርቆሮ ለመግዣ እንዲሆን በጸበሉ በኩል ባሕር ዛፍ ለማስተከል አስቧል። አሳቡን ያቀረቡት አባት ለደብሩ ብዙ የደከሙ ናቸው፤ ገንዘብ ከየት ይምጣ ማለታቸውም ትክክል ነው። አዳራሹ ደግሞ የሚሠራው ለእኛ ነው፤ በዝናብ ጊዜ የት እንደምንማር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሆኖም ባሕር ዛፍ ውኃ ጠጪ ነው፤ በምንጭ አፍ ላይ መትከል ጸበሉን ሊያጎድለው ይችላል። እኔ በበኩሌ ባሕር ዛፉ ይተከል እላለሁ፤ ነገር ግን ከዐጸዱ ውጭ፣ ከጸበሉ ራቅ ብሎ፣ ደብሩ ባለው ጠፍ መሬት ላይ ይሁን። መሪጌታ በዚህ ተስማምተዋል። አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ ጭራሽ አይተከል ይላሉ፤ እነርሱም በሚቀጥለው እትም ይጻፉ።

ሰበካ ጉባኤው ጉዳዩን የሚያየው ከጥምቀት በኋላ ነው። ቃላችንን ሊሰሙን ፈቅደዋል፤ ነገር ግን «ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ» ብለውናል። ስለዚህ ደብተሩን ይዘን እንቀርባለን፤ በደቡቡ በኩል ያለውን ክፍት ቦታ ደግሞ እኛው በድንጋይ እንደምንዘጋ እንናገራለን። እህሉ ተወቅቶ እርሻው ባዶ ሲሆን ድንጋይ መልቀም ለባለ እርሻውም ጥቅም ስለ ሆነ ሦስት አባወራዎች ፈቅደዋል፤ አንደኛው አህያ እሰጣለሁ ብለዋል። ገብስ ያለበትን እርሻ ግን እንዳትረግጡ።

እስከዚያው ዐጸዱ በየወሩ በመጀመሪያው ሰንበት ይዞራል። ለጥቅምት፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ተመዝጋቢ ተገኝቷል፤ ለጥር ማንም አልተጻፈም። የሚዞሩት ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ፣ ጸሎተኛ ባለበት ዝም ብለው ነው። ደብተሩ ከቤተ ልሔሙ መስኮት ላይ አለ። ከዚህ ቀደም የተጻፈውን ሳታነቡ አዲስ አትጻፉ፤ ባለፈው ጊዜ አንድ ችግኝ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮብናል። ጥጃ የምታገኙ ደግሞ የማን እንደ ሆነ ጻፉ፤ የእኛም ቢሆን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።